የጠፋው ሁለተኛ ጥቅልል

ሰላም ውድ አባላት፣

ባለፈው ስንገናኝ «ሰብሳቢዎች ለአሮጌ ድምፅ አልባ ፊልም እንዲህ የሚያብዱት ለምንድን ነው?» ብላችሁኝ ነበር። የሁለቱን ኮሜዲያን፣ የሎረልና ሃርዲን፣ «የክፍለ ዘመኑ ፍልሚያ» ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1927 የተሠራ፣ ሁለት የፊልም ጥቅልል ብቻ የሆነ አጭር ኮሜዲ ነው። መጨረሻው ላይ መንገዱ ሙሉ ሰው በክሬም ኬክ ይደባደባል። 3,000 ያህል ኬክ አለቀ ይባላል!

ለአሥርተ ዓመታት ግን ከድብድቡ የሚታየው ቁርጥራጩ ብቻ ነበር። እሱም የተረፈው በ1957 በወጣ የኮሜዲ ስብስብ ውስጥ ስለገባ ነው። ሙሉው ሁለተኛ ጥቅልል መገኘቱ የተሰማው በ2015 ነው። የት ተገኘ? አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ከሌላ ሰብሳቢ ስብስብ በገዛቸው የፊልም ቆርቆሮዎች መሃል። ለካ እዚያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ኖሯል።

የድሮው፣ ናይትሬት ከሚባል ኬሚካል የሚሠራው ፊልም ይበሰብሳል፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ስቱዲዮዎቹም አንዴ ካሳዩት ብዙ ግድ አልነበራቸውም። ስለዚህ አንዳንዴ የሰብሳቢ ቅጂ የቀረው ብቸኛ ቅጂ ነው። እኔ በበኩሌ እብደቱ ይገባኛል።

አሁንም ከመጀመሪያው ጥቅልል አንዲት አጭር ትዕይንት፣ የኢንሹራንስ ሻጩ ያለባት፣ አልተገኘችም። የተገኘውን ቅዳሜ አብረን እናያለን። ፈንዲሻው ከእኔ፤ ኬክ ይዞ የሚመጣ ግን ለመብላት ብቻ ይሁን።