«በነጻ» የጫንኩት ፕሮግራም የወሰደብኝ 44 ገጽ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ከሁለት ሳምንት በፊት ባወጣችሁት ዕትም ላይ አንድ አንባቢ ስለ ሶፍትዌር የጻፉትን አነበብኩ። የእኛ አገር ሰው ለሶፍትዌር መክፈል የለበትም ይላሉ። አቅሙ የለንም፤ ስለዚህ ኮፒ አድርገን፣ በክራክ ከፍተን ብንሠራ ነውር የለበትም ነው ሐሳባቸው። ጽሑፉን ሱቄ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን እኔን ብዙ ያስከፈለኝ ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ውስጥ የጽሕፈት አገልግሎት አለኝ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ሥራውን የለመድኩት በኦሊቬቲ የአማርኛ ታይፕራይተር ነው። ታይፕራይተር አንዴ ከተገዛ ተገዛ ነው። ሪባኑን መቀየር፣ በብርድ ጣት እየደነዘዘም ቢሆን መምታት ብቻ ነው። ኮምፒውተር ስገዛም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ውስጡ ያለው ፕሮግራም ለብቻው ዋጋና ፈቃድ እንዳለው የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በእኛ ከተማ ኮምፒውተር ሲያስቸግር «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ልጁ ይመጣል። ፍላሹን ይሰካል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ዊንዶውሱንም ኦፊሱንም ጭኖ 150 ብር ተቀብሎ ይሄዳል። ሶፍትዌሩ በነጻ፣ ገንዘቡ ለልጁ ድካም፤ እንዲያ ነበር የማስበው። ዋናው ፕሮግራም የፈቃድ ቁጥር ይጠይቃል። ክራክ የሚባለው ይህን ጥያቄ የሚያፍን ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ማን እንደሠራው አይታወቅም። አንቲቫይረሱ ሲያየው ይጮሃል። ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ የሚያደርገው አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነው። አጠገቡ ቆሜ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ዘበኛውን አሰናብቶ ለማያውቁት ሰው በር መክፈት መሆኑ ያኔ አልታየኝም።

ሰኔ 2011 ነው። ከሞላሌ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት የዘር ሐረጋቸውን እያስጻፉኝ ነበር። ጋሼ ነበር የምላቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ለሦስት ሳምንት በየሁለት ቀኑ እየመጡ ነገሩኝ። ማን ማንን ወለደ፤ የትኛው ወንድም ርስቱን ትቶ ወደ ይፋት ወረደ፤ የትኛዋ ልጅ ለማን ተዳረች። አንዳንድ ስም ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ትንሽ ቆይተው «ጻፊው፣ እሱም ይጻፍ» ይሉኛል። 64 ገጽ ደረስን። እርማት እንዲያዩበት ብዬ ወረቀት ላይ ያወጣሁት የመጀመሪያዎቹን 20 ገጾች ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት የሁሉም ፋይል ስም ተቀይሯል። አንዱም አይከፈትም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወሻ ተቀምጧል። ፋይሎችሽ ተቆልፈዋል፣ 980 ዶላር ክፈይ ይላል። በ72 ሰዓት ውስጥ ካገኘሽን ግማሹን፣ 490 ዶላር። በዚያን ጊዜ ይህ ከ14 ሺህ ብር በላይ ነበር። ቅጂ የያዝኩበት ፍላሽ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ ነው ያደረው። እሱም አብሮ ተቆልፏል። ከሦስት ቀን በፊት አዲስ ክራክ አስጭኜ ነበር። በኋላ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይቶት እንዲህ ያለው ቫይረስ ብዙ ጊዜ ክራክ ውስጥ ተደብቆ እንደሚገባ አስረዳኝ።

ለጋሼ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «ዕድሜ ከሰጠኝ ደግሜ እነግርሻለሁ» አሉኝ። ክረምቱ ላይ ታመሙ። መስቀል ሳይደርስ አረፉ። ልጃቸው መጥቶ 20ውን ገጽ ወሰደ። ገንዘቡን ልመልስ ብለው እምቢ አለኝ። የቀረው 44 ገጽ የሚገኘው እሳቸው ዘንድ ብቻ ነበር።

እኒያ አንባቢ ክራክ ዋጋ የለውም ሲሉ ይህ ነው ትዝ ያለኝ።

ሌላም አለ። የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ ሲመለስ ለሱቆች የሚሆን የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሠራ። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ዱቤ ማን ላይ አለ፤ ሁሉንም በአማርኛ ያሳያል። ስምንት ወር ሌሊት ሌሊት ሲሠራው ያደረው እኔው ሱቅ ነው፤ ቤታቸው መብራት ሲጠፋ ወደ እኔ ይመጣል። አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ በ6,000 ብር ገዛው። በሦስት ወር ውስጥ ፕሮግራሙ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተላለፈ 11 ሱቅ ገባ። የከፈለው ያው የመጀመሪያው ሰው ነው። ሲበላሽ ግን አሥራ አንዱም የሚደውሉት ለእሱ ነው። «አንተ አይደለህ የሠራኸው? ና አስተካክልልን» ይሉታል። ልጁ ተስፋ ቆርጦ አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ የሚሠራው ለውጭ ድርጅት ነው። ፕሮግራሙ ሲተወው እንደነበረው ቀረ። ነጋዴዎቹም ወደ ደብተራቸው ተመለሱ።

በአገራችን ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ሁሉ የቅጂ መብት ጥበቃ አለው። ይህ ጥበቃ ለውጭ ሀብታም ኩባንያ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የእህቴ ልጅም እዚያ ውስጥ አለ።

የአንባቢው ግማሽ እውነት ደግሞ ይኸውላችሁ። ዋጋው ለእኛ አይደለም። የማይክሮሶፍት ኦፊስ የግል ኪራይ በአሜሪካ በዓመት 99.99 ዶላር ነው። በዛሬው ምንዛሪ ከ14 ሺህ ብር አያንስም። እኔ አንድ ገጽ የምጽፈው በ25 ብር ነው። ኪራዩን ብቻ ለመሸፈን 560 ገጽ መጻፍ አለብኝ፤ መብራት፣ ቀለም፣ የቤት ኪራይ ሳይነሳ። ልክፈል ብል እንኳ እንደ እኔ ያለ ትንሽ ሱቅ በምን ካርድ ነው ዶላር ወደ ውጭ የሚልከው? ስለዚህ «ግዙ» ብሎ የሚመክረን ሰውም ሱቃችንን አላየውም።

ታዲያ በስርቆትና በማንችለው ዋጋ መካከል ሌላ መንገድ አለ። እኔ ያወቅኩት ያ ተማሪ ከነገረኝ በኋላ ነው። በእኛ ቋንቋ «ነጻ» እና «በነጻ» አንድ አይደሉም። በነጻ ያገኘሁት ዕቃ የተሰረቀም ሊሆን ይችላል። ነጻ ሰው ግን ጌታ የሌለበት ነው። ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረው ሥራ ይህንን ሁለተኛውን ነበር የሚፈልገው። ፕሮግራሙን የያዘ ሰው እንዲጠቀምበት፣ ውስጡን እንዲያይ፣ እንዲያስተካክል፣ ለጎረቤቱ እንዲሰጥ መብቱ በፈቃዱ ላይ ተጽፎ ይሰጠዋል። መሸጥም አይከለከልም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የሊኑክስን አስኳል ጀመረ፤ ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ፣ ግን ነጻ የሆነ ፕሮግራም ነው። አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ፣ ሸኖም ይሁን ዓለም ከተማ፣ ኪሱ ውስጥ ሊኑክስ አለ።

ተማሪው አንዱን ኮምፒውተሬን ሊኑክስ ሚንት ጫነበት። መጻፊያው ሊብሬኦፊስ ነው። ክራክ የለ፣ የፈቃድ ቁጥር የለ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን የተለመደ የደኅንነት ማሻሻያ ሲያቆም፣ ዊንዶውስ 11 የማይቀበለውን ሁለተኛውን አሮጌ ኮምፒውተሬንም እንደዚያው አደረግሁት። አልጋ በአልጋ ነበር አልልም። አንድ መሥሪያ ቤት በዎርድ የሠራው ቅጽ በፍላሽ ሲመጣልኝ ሠንጠረዡ ይዛነፋል፣ ፊርማው ወደ ሌላ ገጽ ይሄዳል። ባለጉዳዩ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። እኔ መስመር እጎትታለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አልቅሼበታለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረኝ ግን የፊደላችን ነገር ነው። ድሮ የምንጠቀምባቸው የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አቀማመጥ ነበራቸው። ፊደላችንን በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ያ ፕሮግራም የሌለው ሰው ፋይሉን ሲከፍት የሚያየው የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ከ1994 እስከ 2000 የጻፍኳቸው ብዙ ውሎች ዛሬ ላንብባቸው ብል እንደዚያ ናቸው። የአንድ ሰው የቤት ሽያጭ ውል በገዛ ቋንቋው ተጽፎ ለመነበብ የሌላ ሰው ፈቃድ ይጠይቃል ማለት ነው። እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች፣ ለየቋንቋው ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ የራሱን ቦታ ከሚመድበው ከዩኒኮድ ጋር ለዓመታት ስለደከሙ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን የራሱን ቦታ አገኘ። ዛሬ በስልካችን «እንደምን አደርሽ» ጽፈን የትም ብንልክ የሚነበበው በዚያ ምክንያት ነው። ለዚህ ቦታ ማንም ኪራይ አይጠይቅም። አቢሲኒካ የሚባለው የፊደል ቅርጽም በነጻ ፈቃድ የተሰጠ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በእሱ ነው።

እናቴ የመንዝ ልጅ ናት። ስለ ሶፍትዌር ባሰብኩ ቁጥር ጓሳ ነው የሚታወሰኝ። ጓሳን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ መንዝ ውስጥ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ የወል መሬት ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖርበታል። ሳሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ነው። የአካባቢው ባለ ርስት ሁሉ መብት ነበረው፤ ለሳሩ ዋጋ አልነበረም። ግን ማንም በፈለገው ቀን ማጭድ ይዞ አይገባም። ሕዝቡ የመረጣቸው ኃላፊዎች ነበሩ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጋና ሳሩ ሲደርስ ይከፈት ነበር። ጥበቃውም በየተራ ነው፤ ተራውን የዘለለ ይቀጣል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ሲፈርስ ጓሳ ለሁሉም ክፍት ሆነና ተጎዳ። የዳነው ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ እንደገና ጠባቂ ስላቆመለት ነው።

ነጻ ሶፍትዌርም ጠባቂ ካጣ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦፕንኤስኤስኤል በሚባል ነጻ ፕሮግራም ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኘ። የኢንተርኔትን ሚስጥራዊ መልእክት የሚቆልፍ ፕሮግራም ነው። የዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች ይጠቀሙበት ነበር። የሚንከባከቡት ግን ጥቂት ሰዎች ነበሩ። በዓመት የሚያገኙት መዋጮም 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ሁሉም አጨደ፣ ተራውን የጠበቀ ግን አልነበረም። የእህቴን ልጅ ፕሮግራም ካጨዱት ከእነዚያ አሥር ሱቆች በምን ይለያሉ?

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ሁላችን የምንጽፍበት፣ የምናነብበት፣ ከመንግሥት ጋር የምንጻጻፍበት መሣሪያ ነጻ ይሁን፤ እንደ ጓሳ። አንድ ሰው ለሱቄ ብሎ የሠራልኝን ግን ልክፈልበት። ነጻውንም የሚጠብቅልን ሰው እንጀራ ይብላ። እኔ ለዚያ ተማሪ በየወሩ 500 ብር እሰጠዋለሁ። አሁን ተመርቋል። ማሽኖቼን ያያል፤ የቀረውን ጊዜ የሊብሬኦፊስን የአማርኛ ትርጉም ያርማል። «ለምን ትከፍይዋለሽ፣ ፕሮግራሙ በነጻ አይደል?» ይሉኛል ጎረቤቶቼ። በነጻ የሆነው ፕሮግራሙ ነው እንጂ ልጁን በነጻ ምሳ የሚያበላው የለም።

በጋዜጣችሁ በኩል ለዞናችን መሥሪያ ቤቶች አንድ ልመና አለኝ። ቅጽ ስታወጡ ማንም ያለ ክራክ ሊከፍተው በሚችል ዓይነት አውጡት፤ ለኅትመት የሚሆነውን በፒዲኤፍ፣ የሚሞላውን ሊብሬኦፊስ በሚያስቀምጥበት ዓይነት፣ በኦዲቲ። ጽሑፉም በዩኒኮድ ይሁን። የቴክኒክና ሙያ መምህራንም ልጆቹን ስታስተምሩ ክራክ አጫጫን አብራችሁ አታስተምሯቸው። እኔ ቀጥሬያቸው ከነበሩት ሦስት ልጃገረዶች ሁለቱ ትምህርት ቤት የተማሩት በዚያ ነው። ሌላ መንገድ መኖሩን አልሰሙም።

ባለፈው ወር የጋሼ ልጅ ተመልሶ መጣ። 20ውን ገጽ በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጦት ኖሯል። አክስቱ መሐል ሜዳ አሉ፣ የሚያስታውሱት ብዙ ነው አለኝ። እሳቸው ሲናገሩ በስልኩ ይቀዳል፣ እኔ እየሰማሁ እጽፋለሁ። ይፋት የወረደው ወንድም ስንት ልጆች እንደነበሩት እሳቸውም ያውቃሉ። በየማታው አወጣለሁ፤ አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእኔ። ትናንት ገጽ 31 ላይ ነበርን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጽሕፈት አገልግሎት ባለቤት
ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ