ለቡ ስላለህ ጉዳይ

ሚኪዬ፣

ሰላም ነህ? «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል» ብዬ እንደ ድሮው ልጀምር ስል ሳቄ መጣ። ስልክህ ጠፍቶኝ አይደለም። ይህን ሁሉ ጊዜ ጠፍቼ «ሃሎ» ማለት አሳፈረኝና መጻፍ ይሻላል አልኩ። ይቅር በለኝ። አንተም ብትሆን አልደወልክም፣ ተካክሰናል።

ነገሩ የእማዬ ነው። ጉልበቷን ልትታከም ቅዳሜ ከድሬ በባቡር ትመጣለች። አውቶቡስ በጭራሽ አለች፤ አውሮፕላን ስላት ደግሞ «የምድር ባቡር ሠራተኛ ሚስት ነኝ እኮ!» አለችኝ። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ለገሃር አንበሳው ጋ ጠብቀኝ።»

«እማዬ፣ ባቡሩ ለገሃር አይገባም» ብላት፣ «ታዲያ የት ሊገባ?» አለች። እስቲ አንተ መልስላት።

እኔማ መልስ አጣሁ። የአባቶቻችን ባቡር መሃል ከተማ ነበር የሚያወርደን። በ1922 ዓ.ም. ከተመረቀው ከዚያ ጣቢያ ብቅ ስትል ቸርችል ጎዳና ፊት ለፊትህ ነው፤ ሻንጣህን ይዘህ በእግርህ ትሄዳለህ። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ሰዉን ከተማው ጫፍ፣ ፉሪ ለቡ ላይ ያራግፈዋል። ድሬም ያው ነው፤ ከዚራን የሚያህል ጣቢያ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ፣ እማዬ በባጃጅ ከከተማ ውጭ ድረስ ትሄዳለች።

በጣም የሚያበሽቀኝ የከተማው ባቡር ነው። እኔ አያት ሰፈር ስለምኖር ከመነሻው እሳፈራለሁ፣ ጥሩ። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ ስለዚህ ለገሃርንም ሜክሲኮንም አገኛለሁ። ከዚያስ? አንዱ ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፣ ሌላው ቃሊቲ ላይ። 39 ጣቢያ ሲሠራ «አንዱ እንኳ ለቡ ይሁን» የሚል ሰው ይጥፋ? ይህ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ነው፣ የጅቡቲው በዓመቱ ተመረቀ። ሁለቱንም የሠሩት ቻይናዎች፣ የሁለቱም ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር። ግን እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ሳይገናኙ ያልፋሉ። የአባቴ ባቡር ሐዲዱ አንድ ሜትር ብቻ ነበር፤ እሱ እንኳ ቤትህ አቅራቢያ ያደርስሃል።

የጭነቱ ይገባኛል፤ ኮንቴነር ለገሃር ምን ይሠራል፣ ሞጆና ኢንዶዴ ይውረድ። የሰባ ዓመት ሴት ግን ፓፓያና ሙሸበክ የሞላ ዘንቢል ይዛ፣ በዚያ ጉልበቷ፣ በጨለማ ለቡ ወርዳ ከባለታክሲ ጋር ዋጋ ትከራከር? ትከራከራለችም እኮ፣ ታውቃታለህ።

እና... እንዴት ልበልህ... አንተ ቤትህ ጣቢያው አፍንጫ ሥር ነው አሉ። መኪናም ገዝተሃል አሉ (እንኳን ደስ አለህ፣ በሰው መስማቴ ቅር ብሎኛል)። ቅዳሜ ተቀብለሃት እዚያው አንተ ጋ ትደር፤ እኔ እሑድ ጠዋት መጥቼ እወስዳታለሁ። ቅዳሜ ማታ ሥራ ላይ ነኝ፣ ፈረቃ የሚቀይረኝ ሰው አጣሁ።

እውነቱን ልንገርህ? የሚቀበላት የሥራ ባልደረባ አላጣም ነበር። ግን ባለፈው «ሚኪ እንዴት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ «ደህና ነው፣ ሁሌ እንገናኛለን» አልኳት። ስለዚህ ስትቀበላት ትናንት የተገናኘን ምሰል። ልጅህ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ላክልኝ፣ መጠየቋ አይቀርም።

ባቡሩ ማምሻውን ይገባል፣ መንገድ ላይ ግመል ካልገጠመው። ደረጃ ካለ ዘንቢሉን ብቻ ሳይሆን እሷንም ያዛት፤ «ተወኝ» ብትልህ አትስማት። እሑድ ቁርስ ላይ ሙሸበኩን ሁሉ ጨርሰህ እንዳትጠብቀኝ። የአዋሹን ነገር ካነሳችብህ ደግሞ አንተ ተኝተህ ነበር፣ ምንም አላየህም፣ እሺ?

ያንተው