ልጅ ሳይነካ እርዳታ የሚፈልገውስ የት ይሂድ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ሙያዬ የአእምሮ ጤና ነርስነት ነው። ሁለት ሴት ልጆችም አሉኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚቀጥለውን ያነበበ ሰው «ይቺ ሴትዮ ልጅ የላትም እንዴ?» እንዳይለኝ ነው።

ሕፃን ተደፈረች የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ሰፈሩ ይንጫጫል። በርጫ ላይም፣ ቡና ላይም፣ ባጃጅ ውስጥም ወሬው አንድ ነው፦ ይሰቀል፣ ይኮላሽ፣ ዕድሜ ልኩን ይታሰር። ንዴቱ ይገባኛል፣ እኔንም ያንገበግበኛል። ሕጉም ቢሆን የዋዛ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ልጅ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመ ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ይቅጣ፣ ደግ ያድርግ። ግን አስቡት እስቲ፣ ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም እኛ የጤና ባለሙያዎችም የምንደርሰው ልጅቷ ከተጎዳች በኋላ ነው።

እኔ ማውራት የምፈልገው ከዚያ በፊት ስላለው ሰው ነው። ለሕፃናት ወሲባዊ ስሜት የሚሰማው፣ ማንንም ግን ያልነካ፣ እንዳይነካም ራሱን የሚፈራ ሰው አለ። አለ አቦ! «እሱ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛ ጋ የለም» የሚለኝ አይጠፋም። ስሜቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ነው፣ ወዶና መርጦ የያዘው የለም። ስሜቱን አልመረጠውም ማለት ግን ለሚያደርገው አይጠየቅም ማለት አይደለም። ልጅ ላይ እጁን ካነሳ መንገዱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ብቻ ነው። ስሜቱን ልመዱት፣ ምንም አይደለም የሚል ሰው ቢመጣም መጀመሪያ የምጣላው እኔው ነኝ።

እንዲህ ያለ የሃያ ዓመት ልጅ ድሬዳዋ ውስጥ ለማን ይናገር? ለአባቱ ቢናገር ይገደላል። ጠበል ይሄዳል፣ ቁልቢ ይሳላል፣ ሙስሊም ከሆነም ሼኩ ጋ ሄዶ ዱዓ ያስደርጋል፣ የልቡን ግን አይናገርም። እኛ ጋ ቢመጣ እንኳ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ይጨንቀኛል» ብሎ ነው የሚጀምረው። አሚትሪፕቲሊን የሚባል የድባቴ መድኃኒት ይጻፍለትና ይሸኛል። ሌላ የሚጠይቀው የለም፤ ቢጠይቀውና ቢናገር ደግሞ መልሱን ያጠናነው ስንቶቻችን ነን? በትምህርት ቤት ስለ ስኪዞፍሬኒያ፣ ስለ ድባቴ፣ ስለ ሱስ ተምረናል። ስለዚህ ስሜት የተማርነው አንድ አንቀጽ ብትሆን ነው።

ሌላው ዓለም ሞክሮታል። በርሊን ያለው ሻሪቴ የሚባለው ትልቅ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2005 በማስታወቂያ ጭምር ሰዎችን ጠራ፤ ስሜቱ ካለብህ ሳታጠፋ ና፣ በነፃ እናክምሃለን፣ ስምህ አይወጣም አለ። ሰዎችም መጡ። ካሮሊንስካ የሚባለው የስዊድን የሕክምና ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት በስልክ መስመር እርዳታ የጠየቁ 52 ወንዶችን ይዞ ለግማሹ ቴስቶስቴሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን የሚቀንስ መርፌ፣ ለግማሹ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ሰጠ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ለጥቃት የሚያጋልጡ ምልክቶች ቀንሰው ተገኙ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ መርፌውም የራሱ ጣጣ አለው። የበርሊኑም ሕክምና ጥቃትን በርግጥ ምን ያህል ቀነሰ በሚለው ላይ ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ። ተአምር አገኘሁ አልላችሁም።

እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ የአሜሪካው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 «አሁኑኑ ይቁም» የሚል ስም ያለው ድርጅት ተቋቋመ፤ ጥቃት እንዳይፈጸም ቀድሞ ለመድረስ፣ ልጅን እጎዳለሁ ብሎ የሚፈራውንም ለማነጋገር። ያቋቋመችው ፍራን ሄንሪ ራሷ በልጅነቷ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባት ናት። እሷን «ለጥቃት አድራሽ ታዝኛለሽ» የሚላት ይኖር ይሆን?

አውቃለሁ፣ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ለተደፈሩት ልጆች እንኳ በቂ የምክር አገልግሎት ሳይኖር ለእነዚህ ገንዘብ ይውጣ? አይውጣ፣ መጀመሪያ ለልጆቹ ይውጣ። እኔ የምጠይቀው ሕንፃ አይደለም። አንድ የስልክ ቁጥር፣ በደንብ የሠለጠኑ ሁለት ባለሙያዎች፣ በር ያለው ክፍል፤ ይኸው ነው። ሥራውም ምሥጢር የለውም። ከልጅ ጋር ብቻውን እንዳይሆን፣ አስተማሪነትና አስጠኚነት እንዳይገባ፣ ስልኩ ላይ የልጆች ምስል እንዳይፈልግ ማስማማት ነው። እያንዳንዱ ምስል ውስጥ የተጎዳ ልጅ አለ። ድባቴ ካለበት ይታከማል። እዚህ እኛ ከተማ ደግሞ ሳይነሳ የማይታለፍ ነገር አለ፤ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጫት፣ ማታ ጨብሲ፣ ከዚያ ክፍሉን ዘግቶ ስልኩ ላይ የሚያድር ሰው ራሱን እገዛለሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ምሥጢር የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያስቆጣል። የንስሐ አባት ምሥጢር ይጠብቃል ስንል ግን ማንም አይቆጣም። የሕክምና ሙያም ምሥጢር አለው፣ ያወጣውን ሕጉ ይቀጣል። ድንበር ግን ይኑረው፦ አሁን አደጋ ላይ ያለ ልጅ ካለ ምሥጢሩ እዚያ ላይ ያበቃል፣ ይህም ገና ከመጀመሪያው ቀን ለሰውየው በግልጽ ይነገረዋል።

እግረ መንገዴን፣ ልጅ የሚነካ ሁሉ ይህ ስሜት ያለበት ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ አመቺ ሁኔታ ያገኙ፣ የሰከሩ፣ ደካማ ላይ መበርታት የለመዱ ናቸው። አብዛኞቹንም ልጁ ያውቃቸዋል፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስጠኚ። ስለዚህ ስልኩ ሁሉንም ያቆማል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። እናቶች ከልጆቻችን ጋር ማውራቱ ይቀራል ማለትም አይደለም፣ እንደውም!

ሐረር ላይ ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጤና ኮሌጅ ስለ ጫት ስንት ጥናት ሠርቷል። አንድ የማስተርስ ተማሪ ስም የማይጻፍበት መጠይቅ ይዞ ይህንን ቢጀምረው ምን አለበት? አማካሪው «ሌላ ርዕስ ፈልግ» ካላለው ማለቴ ነው። እናንተም ጋዜጠኞች የጤና ቢሮዎቹን ጠይቁልን፤ እንዲህ ያለ ሰው ነገ ቢመጣ ወዴት ትልኩታላችሁ በሏቸው።

ስልኩ ይከፈት ከተባለ የማታ ተረኛ ለመሆን ፈቃደኛ ነኝ። ስሜና አድራሻዬ እናንተ ጋ ይሁን፣ ጋዜጣው ላይ ግን እንዳታወጡት አደራ። ልጆቼ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

የሁለት ልጆች እናት
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ