ስለ ሐኒሽ ሲነሣ ዓሣ አጥማጆቹ ለምን ይዘለላሉ?

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ ስለ ቀይ ባሕር ፉክክር ያወጣችሁትን ሐተታ አንብቤ ነው ይህን የጻፍሁት። ጸሐፊው በጅቡቲ ተጠጋግተው የሰፈሩትን የአሜሪካን፣ የፈረንሳይን፣ የጃፓንንና የቻይናን ጦሮች፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በአሰብ ይዘውት የነበረውን የጦር ሰፈር፣ ከ2023 ማብቂያ ወዲህም ሁቲዎች በንግድ መርከቦች ላይ ያደረሱትን ጥቃት በሚገባ ዘርዝረዋል። ቅሬታዬ በቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል በኤርትራና በየመን መካከል ያሉት የሐኒሽ ደሴቶች ሁለቱ አገሮች ተዋግተው የተከፋፈሏቸው ተብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፋቸው ነው። ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በታኅሣሥ 1995 የኤርትራ ጦር ለሦስት ቀናት ያህል ተዋግቶ ታላቁን ሐኒሽ መያዙ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በዓመቱ ሁለቱ መንግሥታት ጉዳዩን ለአምስት ዳኞች የግልግል ጉባኤ ለመስጠት ፓሪስ ላይ ተፈራረሙ፤ በእንግሊዛዊው የሕግ ሊቅ በሰር ሮበርት ጄኒንግስ ሰብሳቢነት የተቀመጠው ጉባኤም በጥቅምት 1998 ዙቀርንና ሐኒሽን፣ በስተሰሜን ያሉትን ጀበል አል ጣይርንና የዙበይር ደሴቶችን ለየመን፣ ለኤርትራ ጠረፍ የሚቀርቡትን የሞሐባካ ደሴቶችንና ሌሎች ጥቂት ደሴቶችን ለኤርትራ ወሰነ። የኤርትራ ጦር ወር ሳይሞላ ታላቁን ሐኒሽ ለቀቀ። በጦር የያዘውን መሬት በፍርድ የለቀቀ መንግሥት በአካባቢያችን እምብዛም አልታየም፤ ያውም በዚያው ዓመት በባድመ ሰበብ ከእኛ ጋር ጦርነት የገጠመ መንግሥት። እኛ በበኩላችን የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ባድመን ጨምሮ ስለ ወሰናችን በ2002 የሰጠውን ውሳኔ ያለ ቅድመ ሁኔታ እንቀበላለን ለማለት 16 ዓመት ወስዶብናል። የሐኒሹን ውሳኔ አቅልሎ ማለፍ ለእኛ የማያምርብን በዚህ ምክንያት ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ጉዳዩ ሩቅም አይደለም። ኤርትራ ክርክሯን የመሠረተችው ደሴቶቹ ከኢጣሊያ ወደ ኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያ ደግሞ ወደ እሷ ተላልፈዋል በማለት ስለነበር፣ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በአካባቢው ያደረገው ቅኝት ሳይቀር በማስረጃነት ቀርቧል። ዳኞቹ የመብራት ማማዎቹን ማን ሠራ፣ ማን ጠበቀ፣ ነዳጅ የመፈለጊያ ፈቃድስ ማን ለማን ሰጠ እያሉ መርምረዋል። ሁለቱም ወገኖች ከጥንት ጀምሮ የእኛ ነው ሲሉ ያቀረቡት የታሪክ መከራከሪያ ግን ዳኞቹን አላሳመናቸውም፤ ሚዛን የደፋው በቅርብ ዓመታት በደሴቶቹ ላይ በተግባር የታየው አስተዳደር ነው። ዛሬ ስለ ባሕር በር ስንከራከር የጥንት ካርታ የምንዘረጋ ሰዎች ይህን ክፍል ብናነበው አይከፋም።

ከሁሉ የሚበልጠው የውሳኔው ክፍል ግን የዓሣ አጥማጆቹ ነው። ዳኞቹ ሉዓላዊነቱን ለየመን ቢሰጡም፣ ከሁለቱም ጠረፍ የሚነሡ ድሆች በነዚያ ደሴቶች ዙሪያ ለብዙ ዘመናት በነፃነት ሲያጠምዱ የኖሩበት ልማድ እንዲቀጥል አዘዋል። በ1999 የባሕሩን ወሰን ሲያሰምሩም ይህንኑ አብራርተው፣ መብቱ የተሰመረውን ወሰን ተከትሎ እንደማይቆም ተናግረዋል። ዓሣ አጥማጁ ወጥመዱን ይዞ ይሻገራል፤ ዛጎልና ዕንቁ ፍለጋ ይጠልቃል፤ ደሴቱ ላይ ወጥቶ ዓሣውን ያደርቃል፤ ጀልባው ብትሰበር እዚያው ይጠግናታል፤ ለጊዜው የሚያርፍባት ዳስ ይሠራል፤ ያጠመደውንም በማዶው ወደብ ከአገሬው ሰው እኩል ይሸጣል። የመን ይህን መብት የሚነካ ደንብ ብታወጣ እንኳ ያለ ኤርትራ ስምምነት ተግባራዊ ልታደርገው አትችልም። ደሴቱ የማን ነው የሚለውና ከደሴቱ ማን ይብላ የሚለው ተለያይተው መልስ ያገኙበት ፍርድ ነው፤ በእኔ አስተያየት ሐተታው ሊያተኩርበት ይገባ የነበረው እዚህ ላይ ነው።

በደቡብ ቻይና ባሕርም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ፊሊፒንስ በቻይና ላይ ባቀረበችው ክስ በ2016 የተሰጠው ውሳኔ ስካርቦሮ የተባለው የባሕር ውስጥ ዓለት (ሪፍ) የማን እንደሆነ ሳይነካ፣ ቻይና የፊሊፒንስን ዓሣ አጥማጆች ከለመዱት ስፍራ መከልከሏ ሕገ ወጥ ነው ብሏል። ቻይና ውሳኔውን አልተቀበለችም፤ የጠረፍ ጠባቂ መርከቦቿም እስካሁን በዚያ የፊሊፒንስን ጀልባዎች በውኃ መድፍ ያባርራሉ። ትልቅ ኃይል አልቀበልም ሲል የሚያስገድደው የለም፤ ሐተታው ወሳኙ ጉልበት ነው የሚለው እዚህ ላይ ልክ ነው።

የሐኒሹም ውሳኔ በሙሉ ተከብሯል አልልም። የየመን ዓሣ አጥማጆች በኤርትራ የባሕር ኃይል ተይዘው ጀልባቸውን እንደተነጠቁ በተደጋጋሚ ተዘግቧል፤ በየመን ጦርነት ወቅት ደግሞ ደሴቶቹ ራሳቸው የውጊያ ቦታ ሆነዋል። ይህም ሆኖ ሁለቱ መንግሥታት የተስማሙበት ጽሑፍ አለ፤ የተያዘው ዓሣ አጥማጅ መብቴ ነው ብሎ የሚጠቅሰው አንቀጽ ያለው በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ቀይ ባሕር ስትጽፉ የጦር ሰፈሮቹን ቆጠራ ትንሽ ቀንሳችሁ፣ የባሕር ሕግ የሚያውቅ ሰው ይህን የዓሣ አጥማጆች መብት ከነአፈጻጸሙ ለአንባቢ እንዲያብራራ እንድታደርጉ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ