ልጃችን ወስናለች፤ እናንተም እፎይ በሉ

ሰላም ለሁላችሁ። ስልክ ያላነሳሁት ጠፍቼ አይደለም። "ምን ወሰናችሁ?" የሚለው መልእክት ብዛቱ ለጉድ ነው፤ ለአንዱ መልሼ ሌላውን ከማስቀይም ለሁላችሁም እዚሁ ልጻፍ ብዬ ነው። ልጃችን ስዋርዝሞር ትገባለች። ፔንሲልቬኒያ፣ ፊላደልፊያ አጠገብ ያለው ትንሹ ኮሌጅ። ኤፕሪል በቤታችን እንዴት እንዳለፈ ስለምታውቁ አልደግመውም። የመወሰኛው ቀን ሜይ 1 ሳይደርስ "እገባለሁ" የሚለውን ቁልፍ የተጫነችው እሷ ናት፤ ያለቀስነው እኔና አባቷ።

አሁን ወደ ምስጋናው። በቅደም ተከተል ልጽፍ አስቤ ነበር፣ ግን ጋሼን ሳላነሳ ማንንም ማንሳት አልችልም።

ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል። "ስሜን ፌስቡክ ላይ ካየሁት ቤትሽ ቡና አልጠጣም" ብለዋል፤ ያደርጉታልም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ግን ታውቋቸዋላችሁ። ዲሲ ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡት፣ ቁጥር የሚወዱት፣ ኪሳቸው እስክሪብቶ የማያጣው ጋሼ። የራሳቸውን ልጆች አስተምረው ጨርሰዋል። እግራቸውን ዘርግተው ማረፍ ሲችሉ የእኛን ልጅ ጉዳይ የራሳቸው አደረጉት።

የገንዘብ እርዳታ ደብዳቤዎቹ የመጡ ሰሞን አንድ ማታ እኛ ጋ መጡ። ደብዳቤዎቹ ሲያዩዋቸው ደስ ይላሉ። ከላይ እንኳን ደስ አለሽ ይላል፣ ከታች ትልቅ ቁጥር አለ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። አንዱን ደብዳቤ (የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ይቅር) ከላይ እስከ ታች አነበቡና ሁለት መስመር ሰረዙበት። "ይሄ ግራንት ነው፣ አይመለስም። ይሄ ሎን ነው፣ ከነወለዱ ትከፍሉታላችሁ። ይሄ ደግሞ ወርክ ስተዲ ነው፣ ልጅቷ ሠርታ የምታገኘው። ሦስቱን ደምረው እርዳታ አሉልሽ" አሉኝ። የቀረውን ቁጥር ሲነግሩን ባለቤቴ ተነስቶ ውሃ ጠጣ።

ከዚያ የስዋርዝሞርን ደብዳቤ ወሰዱ። የዓመት ዋጋው ከ80,000 ዶላር በላይ ነው። ይሄን የሰማ ዘመድ ሁሉ "አብዳችኋል እንዴ?" ብሎናል፣ አልፈርድበትም። ኮሌጁ ግን ቤተሰቡ መክፈል የማይችለው ተብሎ የተሰላውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ እርዳታው ውስጥም ሎን አያስገባም። ጋሼ ደጋግመው ደመሩት። አላመኑትም፣ ካልኩሌተር ቀየሩ። ለእኛ የቀረው ክፍያ ከቤታችን ብዙም ከማይርቀው ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያነሰ ሆነ! ይሄ ለሁሉም ቤት እንዲህ ይወጣል ማለት አይደለም። ገቢ ከፍ ሲል ስሌቱ ይገለበጣል፣ ሌላው ትንሽ ኮሌጅም እንደዚህ ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ልጅ ያላችሁ፣ የተጻፈውን ዋጋ አይታችሁ አትደንግጡ፣ እንኳን ደስ አላችሁ የሚለውንም አይታችሁ አትጨፍሩ። የየኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር፣ ማለት ከእርዳታው በኋላ ለእናንተ የሚቀረውን ገምቶ የሚነግራችሁ፣ አለ፤ ቀድማችሁ ሙሉት። ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ) ብቻውን የማይበቃበት ቦታ አለ፣ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ሌላ የእርዳታ ቅጽም የሚጠይቁ ኮሌጆች አሉ። ይሄን ያስተማሩን ጋሼ ናቸው።

የገንዘቡ ነገር ሲያልቅ ዋናው ጥያቄ መጣ። ልጅቷ እዚያ ትሆናለች ወይ? ልጄን ታውቋታላችሁ። ዝምተኛ ናት። አሁን የምትማርበት ሃይስኩል ትልቅ ነው፣ ከኋላ ተቀምጣ ኤ እያመጣች ማንም ሳያያት ነው ያለፈችው። ስዋርዝሞር ወደ 1,700 የሚጠጋ ተማሪ ነው ያለው፣ ለስምንት ተማሪ አንድ መምህር እንደማለት ነው። ሜሪላንድ ከ40,000 በላይ ተማሪ አለው። አባቷ ትንሽ የሚባል ነገር አይወድም። "እኔ ሁሉም ከሚተዋወቅበት ከተማ ለመውጣት ነው ይሄን ሁሉ የለፋሁት" ይላል፤ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ፊት ማየት አሳስቦታል። እሱም እውነቱን ነው፣ ትንሽ ቦታ ከሰው ከተኳረፉ መሸሻ የለም።

ጋሼ "እዚህ ቁጭ ብለን አንከራከርም፣ ሄደን እንያት" አሉ። መኪናውን የነዱት እሳቸው፣ ቤንዚኑን የሞሉት እሳቸው፣ እምቢ ብል ተቆጡኝ። ሑዳዴ ነበር፣ ዳቦና ቆሎ ይዘን በ95 አውራ ጎዳና ወጣን።

ክፍል ገብታ እንድታይ ተፈቀደላት። ጋሼ መምህሯን አስፈቅደው ከኋላ አብረዋት ተቀመጡ፤ እኔ አፍሬ ውጪ ቀረሁ። ሲወጡ የፓርኪንግ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሰረዝ ሰረዝ አድርገው መጡ። የተናገረውን ተማሪ ሁሉ ሲቆጥሩ ነበር። "14 ናቸው። አፋቸውን ያልከፈቱት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ለእነሱም መምህሯ በስም እየጠራች ዕድል ሰጠቻቸው" አሉ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሩ። "ልጄ፣ እዚህ መደበቂያ የለም። ያስፈራሻል ወይስ ደስ ይልሻል?" አሏት።

"ሁለቱም" አለች።

እኔ እናቷ ነኝ፤ ይሄን ጥያቄ ማንም እንደዚያ ሲጠይቃት ሰምቼ አላውቅም። ስለ ደረጃ፣ ስለ ስም፣ ስለ ሥራ ስንነዘንዛት ከርመናል። ሲመልሱላትም እኔ እንደፈራሁት "እንግዲያው ይሄ ነው" አላሏትም። "ሁለቱም ጥሩ ነው፣ የትኛው እንደሚበልጥ ቤትሽ ሄደሽ አስቢበት" ብለው ተዉአት። ለመምከር የሚቸኩለው ሌላው ሰው ነው።

ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ቆሜ ነበር።

ደግሞ ምግብ ቤቱን ልንገራችሁ። እኛ ስለ ላብራቶሪው ስናስብ ጋሼ ሳህን የሚሰበስቡትን ሴትዮ አስቆሙ። "ልጆቹ ሰላም ይሏችኋል?" ብለው ጠየቋቸው። ሴትዮዋ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፣ ከዚያ ሳቁና ስለ ልጆቹ አንድ በአንድ ማውራት ጀመሩ፤ ማን ቡና ያለ ስኳር እንደሚጠጣ ሁሉ ያውቃሉ። ጋሼ "ይሄ የኮሌጁ መጽሐፍ ላይ አልተጻፈም" አሉኝ በጆሮዬ። የጾም ምግብስ? ቪጋን የሚል ጽሑፍ ያለበትን ነው የምታነሱት፣ ባቄላውም ሩዙም ምስሩም ሞልቷል። የጋሼ ፍርድ "ጨው ያንሰዋል እንጂ ይበላል" ነው። ሜዳው ላይ አንድ ግዙፍ የእንጨት ወንበር አለ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ፎቶ የሚነሳበት። ጋሼም ወጡበት። እግራቸው መሬት አልነካም። ፎቶው አለኝ፣ አልለጥፈውም፣ ቡናው ይበልጥብኛል።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሌላ ምን እላለሁ።

ወንድሜ፣ ከአዲስ አበባ ሌሊት ሌሊት እየደወልክ "ዶክተር ትሆናለች አልነበር?" ስትለኝ ስለነበር መልሱ ይኸው። አሜሪካ ውስጥ ሕክምና ከሃይስኩል ቀጥታ የሚገባበት አይደለም። መጀመሪያ አራት ዓመት የፈለገችውን ትማራለች፣ ባዮሎጂውን፣ ኬሚስትሪውን፣ ፊዚክሱን ትወስዳለች፣ ኤምካት የሚባለውን የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ትፈተናለች፣ ከዚያ ለሕክምና ትምህርት ቤት ታመለክታለች። ታሪክ ብታጠናም ይቻላል። ሐሳቧን ቀይራ ነርሲንግ ብትል ግን እዚያ የለም፣ ይሄን አውቀን ነው የገባነው። ኢንጂነሪንግ ግን አለ፤ እንደዚህ ዓይነት ሊበራል አርትስ ኮሌጆች (ከአንድ ሙያ ይልቅ ሰፋ ያለ ትምህርት የሚሰጡ ትንንሽ ኮሌጆች) ብዙዎቹ የላቸውም፣ አባቷን ያለሰለሰው ይሄ ነው። ለመጨነቅህ አመሰግናለሁ። ለስልክ ካርድ ማውጣቱ አሁን ይበቃሃል።

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ የሚማረው፣ አንተንም አመሰግናለሁ። የራስህን ትምህርት ቤት ልትሸጥላት ስትችል ሰው የሞላበት ትልቁ አዳራሽ ወስደህ አብረሃት ተቀመጥክ፣ "እኔ እዚህ ደስ ይለኛል፣ ራሴ ሄጄ መምህር ቢሮ አንኳኳለሁ፣ አንቺ ታንኳኪያለሽ?" አልካት። ሜሪላንድ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ማንም በእኛ ምክንያት እንዳያጣጥለው። ስንት የሐበሻ ልጅ ወጥቶበታል።

የሃይስኩሏ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) አማርኛ አታነብም፣ ልጄ ትተረጉምላታለች። ያን ሁሉ ተማሪ ይዛ የእኛን ወረቀት ሳትሰለች አየችልን። የባለቤቴ የሥራ ሰዓት መቀነሱን ለእርዳታ ቢሮዎቹ ጽፈን እንደገና እንዲያዩት መጠየቅ እንደምንችል የነገረችን እሷ ናት።

ፊላደልፊያ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ሳናውቃችሁ "ልጃችሁ ልጃችን ናት" ያላችሁን፣ ተባረኩ። ካምፓሱ ሥር ባቡር ጣቢያ አለ፣ ዌስት ፊላደልፊያ ባልቲሞር አቬኑ ላይ እንጀራ እንደሚገኝ ነግራችሁናል፤ የእንጀራው ጭንቀት በእናንተ ቀለለልኝ።

የሥራ ባልደረቦቼ ፈረቃዬን ሸፍናችሁልኛል። የሰንበት ትምህርት ቤት፣ የማኅበራችን እናቶች፣ ጎረቤቶች፣ ጸሎት ያደረሳችሁ ሁሉ፣ አመሰግናለሁ። ስማችሁን ያላነሳሁት ካላችሁ፣ እንዳላችሁም አውቃለሁ፣ ጭንቅላቴ አሁን ወንፊት ስለሆነ ነው። ደውሉና ተቆጡኝ፣ አሁን ስልክ አነሳለሁ።

አባቷ አሁንም "ትንሽ ነው" ማለቱን አልተወም። ግን የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ኤ፣ ቢ ተብሎ ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃው) ላይ እንደማይወጣ፣ ማለፍ ወይም መውደቅ ብቻ እንደሆነ ሲሰማ "ይሄንስ ለእኔም ባደረጉልኝ" አለ። ልጄ ደግሞ ፈራ ተባ እያለች ነው። ትናንት የኮርስ ዝርዝር ስታይ አምሽታ "እማዬ፣ ብዙ አይደለም እኮ" አለችኝ። አይደለም። እዚያ የሌለውን ኮርስ አቅራቢያ ያሉት ኮሌጆች፣ ሃቨርፎርድ ወይም ብሪን ማር፣ ሄዳ መውሰድ ትችላለች ተብለናል፤ ትሄድ እንደሆነ እናያለን።

በመጨረሻ አንድ የቤት ጉዳይ። ለዶርሟ ትንሽ ፍሪጅ እንስጥ ያላችሁ በዝታችኋል። የልጅቷ ክፍል ጠባብ ነው፣ የክፍል ጓደኛም ይኖራታል፣ የጋሼ መኪና ደግሞ ብዙ አይዝም። አንድ ብቻ እንወስዳለን፤ ማን እንደሚያመጣ እዚሁ ታች ተስማሙ። የቀራችሁ ብርድ ልብስ ማምጣት ትችላላችሁ።