የቅሬታ ደብዳቤ፦ ቆጣሪዋ 214 ኪሎ ሜትር ላይ አስረክቤ 251 ላይ ያገኘኋት ሞተር

ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጎንደር

ለሞተር ሳይክል ሽያጭና ጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለ10 ወር በአደራ ያስቀመጥኳት አዲስ ሞተር ተበላሽታ ስለመገኘቷና ዋስትናዋም ስለመከልከሉ

ጤና ይስጥልኝ።

አምና ጥቅምት 20 ቀን 2017 ከሱቃችሁ ባለ 125 ሲሲ ሞተር ገዛሁ። ከማራኪ አዘዞ ለሥራ ስመላለስ ባጃጅ መጠበቅ አሰልችቶኝ ነው። ለሷ ስል ሦስት ዓመት እቁብ ጥያለሁ። ታርጋዋ ተለጠፈ፣ ሊብሬዋ እጄ ገባ፣ አንድ ወር እንኳ ሳልነዳት ታናሽ ወንድሜ ታሞ አዲስ አበባ ሆስፒታል ገባ። አስታማሚው እኔ ሆንኩ።

ሞተሯን የት ላድርጋት? አዘዞ ያለችው አክስቴ ሰፊ ግቢ አላት። «እዚህ አምጣት፣ ከዶሮዎቹ ጋር አያታለሁ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን አዋቂ ነኝ ብዬ እናንተ ጋ መጣሁ። ግድግዳችሁ ላይ ለሚጓዙ ደንበኞች ሞተር እንደምታቆዩ የሚገልጽ ማስታወቂያ ነበራ! በወር 600 ብር። የ10 ወሩን 6,000 ብር ቀድሜ ከፈልኩ። ደረሰኙ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። 600 ብር ለማቆሚያ ቦታ ብቻ ከሆነ ውድ ነው። ለእንክብካቤ ከሆነ ግን ርካሽ ነው። እኔ የከፈልኩት ለእንክብካቤው ነው፤ ማስታወቂያውም የሚለው ይህንኑ ነው።

ኅዳር 15 ጠዋት መካኒካችሁ እያየሁት የሠራውን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። እውነቱን ለመናገር እጁ የተባረከ ልጅ ነው። መጀመሪያ ቤንዚኑን በቱቦ ከታንኩ ቀዳ። ከዚያ ቤንዚንና አየር የሚቀላቀልበት ካርቡሬተር ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን አላልቶ የቀረውን ጠብ ጠብ አደረገ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «ቤንዚን ወራት ሲቆይ ቀላል ቀላሉ ይተንና የሚቀረው እንደ ሙጫ ይሆናል። የካርቡሬተር ቀዳዳ ደግሞ ከመርፌ ይቀጥናል፤ አንዴ ከተደፈነ መፍታት ነው» አለኝ። ባዶ ታንክ እንዳይዝግ ትንሽ ዘይት ጨምሮ ሞተሯን ግራና ቀኝ ወዘወዛት። ብልጭታ የምትሰጠውን ካንዴላ ፈትቶ በቀዳዳው አንድ ማንኪያ የማትሞላ ዘይት ጠብ አድርጎ መርገጫውን ቀስ ብሎ ሦስቴ ረገጠና መልሶ ገጠመው። የማርሚታውን፣ የጭስ መውጫውን፣ አፍ በጨርቅ ወተፈ። አይጥ እንዳይገባ ነው አለኝ፤ ሳቅኩ። አሁን አልስቅም።

ባትሪውን ፈትቶ የታርጋ ቁጥሬን በፕላስተር ለጠፈበት። በወር አንዴ ቻርጅ ይደረጋል ተባልኩ። ሞተሯን በመሃል ማቆሚያዋ አቆመና የፊት ጎማዋን በእንጨት ደግፎ ከመሬት አነሳት። ከላይ አቡጀዲ አለበሳት። ላስቲክ እንዳይሆን፣ ላስቲክ ላብ ይይዛል ብሎ የነገረኝም እሱ ነው። ይህ ሁሉ የርክክብ ቅጹ ላይ ተጽፏል። ቆጣሪዋ 214 ኪሎ ሜትር ይላል። እኔም ፈረምኩ፣ ድርጅታችሁም ማህተም አደረገ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ብዬ ሄድኩ።

ከአዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቱንም ጊዜ «አለች፣ ደህና ናት» ተባልኩ። እንደ ዘመድ። «ባትሪዋስ?» ስል ደግሞ «እሱም ደህና ነው»።

ወንድሜ ተሽሎት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ መስቀልን ቤቴ ለመዋል መስከረም 15 ተመለስኩ። መስከረም 19 መጋዘናችሁ መጣሁ።

ሞተሯ በጎን ማቆሚያዋ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አቡጀዲው የለም። ሰማያዊ ላስቲክ እስከ ታች ተጠምጥሞባታል። ስንገልጠው ከውስጥ ውሃ ተንጠባጠበ። የጎንደርን ሐምሌና ነሐሴ ለእናንተ አልነግራችሁም። ክረምቱን ሙሉ በራሷ ላብ ስትቀቀል ከርማለች። የፊት ሹካዋ ነጩ ብረት ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቷል። ካቴናዋ ዝጎ አንዳንዱ ቦታ ላይ እንደ ዱላ ደርቆ አይታጠፍም። የኋላ ጎማዋ ተንፍሶ አንድ ቦታ ላይ ተኝቷል። ነፍተነውም ከሥር የተጫነው ቦታ በእጅ ሲዳሰስ ጠፍጣፋ ነው። በመሃል ማቆሚያ የምትቆመው ለዚህ ነበር።

ባትሪው ተመልሶ ተገጥሟል። መካኒኩ ሲለካው 4.2 ቮልት አለ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ ከ12.6 አያንስም፤ ወደ 12.4 ሲወርድ ቻርጅ ይፈልጋል። 4.2 ላይ የደረሰ ባትሪ ግን አልቆለታል፤ ውስጡ በድን ሆኖ ጠንክሯል። በወር አንዴ ቻርጅ ማድረግ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ማታ ሰክቶ ጠዋት መንቀል ነው። አሥር ሌሊት ነው የጠየቅኳችሁ።

ከዚያ የታንኩን ክዳን ከፈትን። ባዶ መሆን አልነበረበትም? ቤንዚን አለው! መካኒኩም ደነገጠ። በሀይላንድ ቀዳነው። ሁለት ሊትር ገደማ ወጣ። ቀለሙ የጠጅ ነው፤ ሽታው የቤንዚን ሳይሆን የቆየ ቫርኒሽ። ሀይላንዱን ብርሃን ላይ ሳነሳው ከሥሩ የዝገት ዱቄት ይዋልላል። ካርቡሬተሩ ሲፈታ ደግሞ ልጁ ኅዳር ላይ የነገረኝ ሙጫ ቁጭ ብሏል። አረንጓዴ ቡናማ፣ በጥፍር ሲፋቅ የሚላጥ።

የአየር ፊልትሮው ሣጥን ሲከፈት ነው ሁላችንም ዝም ያልነው። የአይጥ ጎጆ። ከመቀመጫው ስፖንጅ ቦጭቃ፣ ጭድ ጨምራ፣ በደንብ አድርጋ ሠርታዋለች። ሥሩ ላይ የሰሊጥ ፍሬ ተበትኗል። ቀና ብዬ ዙሪያውን ሳይ ነገሩ ገባኝ። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው የሰሊጥ ጆንያ ተደርድሮበታል። ሰሊጥ መነገድ መብታችሁ ነው፤ የጎንደር ሰው ሰሊጥ አትነግዱ አይልም። ግን ሰሊጥ ያለበት አይጥ አለ። እኔ ስከፍል የሞተር ማቆያ ነው የተባልኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በወቅቱ ግርግር ቆጣሪውን ያየሁት ከሁሉም በኋላ ነው። 251 ይላል።

37 ኪሎ ሜትር። ማቆያ ውስጥ ያለች ሞተር 37 ኪሎ ሜትር የት ሄደች? ከፒያሳ አዘዞ ደርሶ ለመመለስ ይበቃል፤ ይተርፋልም። የሽያጭ ክፍሉን ስጠይቅ «ኢንጂኗ እንዳይደርቅ እያስነሳን ነው» ተባልኩ። ይህ መልስ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ለማቆየት የተዘጋጀች ሞተር አልፎ አልፎ ለአምስት ደቂቃ ተነስታ ብትጠፋ ጉዳቱ ይብሳል። ማርሚታው ሳይግል ውስጡ ውሃ ያቁራል፤ ባትሪውም ለማስነሳት ያወጣውን አይመልስም። ይህን የእናንተው መካኒክ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ቆማ የምትነሳ ሞተር ቆጣሪዋ አይቆጥርም። ቆጣሪ የሚቆጥረው ጎማ ሲዞር ነው።

ሞተሯ የጥምቀት ሰሞን ወጥታ እንደነበር ሰምቻለሁ። ማን እንደነገረኝ አልጽፍም፤ የሰው እንጀራ ነው። ጥምቀት በጎንደር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ታክሲ በማይገኝበት ቀን አዲስ ሞተር ዓይን ይስባል። ሰው ነንና ይገባኛል። ግን አስቡት፤ ሞተሯን ለመንዳት ባትሪው መገጠም ነበረበት፣ ቤንዚን መቀዳት ነበረበት፣ የማርሚታው ጨርቅ መውጣት ነበረበት። ልጁ ኅዳር ላይ በአንድ ጠዋት የሠራው በሙሉ ፈረሰ። ሲመለስ ማንም መልሶ አልሠራውም። ቤንዚኑ ከጥር እስከ መስከረም እዚያው ተኛ። ከፊልትሮው ሣጥን በስተቀር ብልሽቱ ሁሉ ከዚያች አንዲት ጉዞ የሚመዘዝ ነው። አይጧም ብትሆን የገባችው በሰሊጡ ጊዜ ነው እንጂ በኔ ጊዜ አይደለም።

ቤንዚን ፍለጋ ሰልፍ ላይ በምናድርበት ከተማ ለዚያች ጉዞ ሁለት ሊትር ማትረፋችሁም ይገርመኛል። ይህን እንኳ ለቀልድ ነው።

ዋስትናውን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ደግሞ ይህን ደብዳቤ አስጻፈኝ። ዋስትናው 12 ወር ነው፤ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። የዋስትና ክፍሉ ግን «የመጀመሪያው ሰርቪስ በሁለት ወር ውስጥ ስላልተደረገ ዋስትናው ተሰርዟል» አለኝ። ደብተሩን አውጥቼ አየሁት፤ እውነትም 500 ኪሎ ሜትር ወይም ሁለት ወር፣ ቀድሞ በደረሰው ይላል። ጥያቄዬ አጭር ነው። ሁለተኛው ወር ሲሞላ ሞተሯ ማን ጋ ነበረች? ጋራዡና መጋዘኑ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። የጋራዡ መዝገብ የኔን ቀን ያውቃል፤ የመጋዘኑ መዝገብ የኔን ሞተር ያውቃል። ሁለቱ ሳይገናኙ ቀርተው ቅጣቱ አዲስ አበባ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ለነበርኩት ለኔ ደረሰ። ኪራዩን በወር ቆጠራችሁ። ዋስትናውን በወር ቆጠራችሁ። የባትሪውን ወር ብቻ ማንም አልቆጠረም።

በዚያ ላይ አዲስ ኢንጂን የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ የሚቀይረው ክፍሎቹ ሲላመዱ የሚወጣው የብረት ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ስለሚቀር ነው። ያ ዘይት ውስጧ ይዛው ከረመች። ኅዳር ላይ ከማስቀመጣችን በፊት ይቀየር ብዬ ነበር። «500 ሳይሞላ አይቀየርም፣ ከሰርቪሱ ጋር ነው» ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። አሁን ሰርቪስ አላደረግክም የምትሉኝም እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ካርቡሬተሩ፣ ታንኩ፣ ባትሪው፣ ካቴናው፣ የኋላ ጎማው፣ የአየር ፊልትሮውና የመቀመጫው ስፖንጅ በድርጅቱ ወጪ ይታደስልኝ ወይም ይቀየርልኝ፤ ባትሪና ካቴና ይጠገናል ብላችሁ እንደማትከራከሩኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የሹካውን ዝገት መካኒኩ አይቶ ዘይት መያዣ ጎሚኒውን የሚበላ ከሆነ እሱም ይቀየር። የመጀመሪያው ሰርቪስ ያለ ክፍያ ይሠራ። ዋስትናው ሞተሯ ተጠግና ከምረከብበት ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠር፤ ይህም በጽሑፍ ይሰጠኝ። ከከፈልኩት 6,000 ብር ውስጥ የአንዱን ወር ቀንሳችሁ 5,400 ብሩን መልሱልኝ። ያቺን የመጀመሪያ ወር ሠርታችኋል ብዬ ነው፤ ባይረጋገጥም። ስለ 37ቱ ኪሎ ሜትር ደግሞ የጽሑፍ ማብራሪያ እፈልጋለሁ። የነዳት ሰው ይቀጣ ብዬ አይደለም። ስሙንም አልጠይቅም።

በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ የርክክብ ቅጹን፣ ደረሰኙን፣ ያነሳኋቸውን ፎቶዎችና ሀይላንዷን ይዤ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ካልሆነም ፍርድ ቤት አለ፤ የአደራ ጉዳይ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ጀምሮ ተጽፎ ያለ ነው። እዚያ ባንደርስ እመርጣለሁ። ሱቃችሁ ለቤቴ ቅርብ ነው፣ መካኒካችሁንም ወድጄዋለሁ፣ ሞተሯን ወደፊትም እሱ ቢነካት ደስ ይለኛል።

ሞተሯ እስካሁን እዚያው መጋዘን ናት። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ላስቲኩን አንሱላትና ከሰሊጡ ራቅ አድርጋችሁ በመሃል ማቆሚያዋ አቁሙልኝ። ቁልፉን ግን እኔ ይዤዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የ6,000 ብር ደረሰኝ ቅጂ፣ የርክክብ ቅጽ ቅጂ፣ 11 ፎቶ