ደብዳቤ ለልጄ፦ ሻንጣሽን ከመዝጋትሽ በፊት

ሚጣዬ የኔ እናት፣ እንዴት ነሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ የእናትሽም ጉልበት ትንሽ ተሽሎታል። ትናንት ማታ አቡሽ አልጋሽ ላይ የዘረገፍሽውን እቃ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። በክሩዝ መርከብ ልትዝናኚ፣ በየወደቡም ባህር ልትጠልቂ መሆኑን ስሰማ ደስ ነው ያለኝ፣ ስንት ዓመት ቀንና ማታ ስትሰሪ የኖርሽ ልጅ፣ ሲያንስሽ ነው። ግን ፎቶውን አተልቄ ሳየው የአየር ታንክ አለ፣ ቢላ አለ፣ ጓንት አለ፣ ዌትሱት (ብርድ የሚከላከለው የመጥለቂያ ልብስ) ሁለት አለ፣ ወደ ታች የሚያሰምጠው የእርሳስ ቀበቶ ሳይቀር አለ፣ እጅ ላይ የሚታሰረው፣ ጥልቀቱንና ሰዓቱን የሚቆጥረው የመጥለቂያ ኮምፒውተር ግን የለም። አቡሽን ብጠይቀው "እዛው ትከራያለች" አለኝ። በቃ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር፦ ስትወጪ አትቸኩዪ። ከውሃ ስር ማለቴ ነው። የቀረውን ብትረሺ እንኳን ይቺን አትርሺብኝ።

ታንኩን ሜሪላንድ ተይው። ኤርፖርት ላይ ቫልቩ ተፈቶ ውስጡ ካልታየ አያሳልፉትም፣ እዛም ስትደርሺ የሚያጠልቁሽ ሰዎች ታንክና እርሳስ አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋው ጋር አብረው ነው የሚሰጡሽ፣ ታዲያ ብረት ተሸክሞ መዞር ምን ይሉታል? ቢላውንም አውጪው፣ መርከቡ ላይ ፍተሻ አለ፣ ቢያልፍልሽ እንኳን ኮዙሜል፣ የሜክሲኮዋ ደሴት፣ ባህሩ ፓርክ ስለሆነ ቢላም ጓንትም መያዝ ክልክል ነው፣ ሰው ኮራሉን እየጨበጠ እንዳያበላሸው ነው፣ ልክ ናቸው። ዌትሱት 3 ሚሊሜትሩ ብቻ ይበቃሻል፣ የዛ አካባቢ ውሃ በብርዱም ወቅት ወደ 26 ዲግሪ ነው፣ በበጋቸው 29 ይደርሳል፣ ምጽዋን በለው። ቢሲዲውን፣ አየር የሚሞላውን ጃኬት ማለቴ ነው፣ ተከራዪ፣ አንዴ ከራሰ ቶሎ የማይደርቅ ነገር በዛች ጠባብ የመርከብ ክፍል የት ልታሰጪው ነው? ግራንድ ኬይማን ደሴት ላይ ደሞ መርከቡ መሬት አይጠጋም፣ ራቅ ብሎ መልህቅ ይጥልና ሰው በትንንሽ ጀልባ ነው የሚወርደው፣ ትልቅ ሻንጣ እየጎተትሽ ከህዝብ ጋር ስትጋፊ ይታየኛል።

የራስሽ መሆን ያለበት ማስኩ ነው፣ ፊትሽ የለመደው፣ የመነጽርሽ ቁጥር ያለው። ሬጉሌተሩን፣ ከታንኩ አየር የምትተነፍሺበትን፣ በቅርቡ ሰርቪስ አስደርገሽው ከሆነ ያዢው፣ ካልሆነ ተይው፣ በሰው ቤት የተፈተሸ ይሻላል። ውሃ ላይ የሚቆመውን ማርከር ባሉን አትርሺ፣ ኮዙሜል ውሃው ራሱ ይዞሽ ነው የሚሄደው፣ ጀልባዋ ከላይ ትከተላለች እንጂ ወደ ገባሽበት አትመለሺም፣ ስለዚ ስትወጪ የት እንዳለሽ ማየት አለባቸው። የሰርተፍኬት ካርድሽን ያዢ። ለጠላቂዎች የሚሆነውን ኢንሹራንስ፣ ዳን የሚባለውን፣ ዛሬውኑ ግዢ። የባትሪሽን መለዋወጫ ሊትየም ድንጋዮች በእጅ ቦርሳሽ አድርጊ፣ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም።

ኮምፒውተሩን ደሞ ግዢ፣ ካልቻልሽ ከጓደኛሽ ተዋሺ፣ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን አንድ እሱ ብቻ እጅሽ ላይ ይሁን። በየወደቡ ብትከራዪ የኬይማኑ ኮምፒውተር ለኮዙሜሉ ምንም አይነግረውም፣ ያንቺ ሰውነት ግን ትናንት ያጠራቀመውን ናይትሮጅን ይዞ ነው ዛሬ የሚገባው። ይሄንን አንቺም በኮርሱ ተምረሽዋል፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ስትተነፍሺ ናይትሮጅኑ ደምሽና ሥጋሽ ውስጥ ይገባል፣ ቀስ ብለሽ ከወጣሽ በሳንባሽ ይወጣል፣ ከቸኮልሽ ግን ክዳኑ በድንገት እንደተከፈተ አምቦ ውሃ እዛው ውስጥሽ አረፋ ይሆናል። ስትወጪ አትቸኩዪ የምልሽ ለዚህ ነው። በደቂቃ ከ9 ሜትር በላይ አትውጪ፣ 5 ሜትር ላይ ስትደርሺ 3 ደቂቃ ቁሚ፣ ትንፋሽሽን ደሞ ለአፍታም አትያዢ።

ቢሾፍቱ ያለውን ጋሼን ታውቂዋለሽ፣ ከዘራ የማይለየውን። ከልጅነትሽ ጀምሮ እግሩን ምን እንደነካው ስትጠይቂ ሁሌ "የባህር ኃይል ትዝታ ነው" እያልን ነው ያለፍነው። አሁን ልንገርሽ። እሁድ ነበር፣ እረፍታችን፣ ጀልባ ይዘን ወደ ዳህላክ አቅጣጫ ካሉት ትንንሽ ደሴቶች አንዷ ጋ ሄድን። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አናውቅም፣ ያለን የእጅ ሰዓትና ሠንጠረዥ ነው። እሱ እንደ ዓሣ ነበር፣ ከሁላችንም እሱ ይበልጥ ነበር፣ ደጋግሞ ጠለቀ፣ የመጨረሻውማ ከ30 ሜትር በላይ ነው። ነፋሱ ሲነሳ ባለጀልባው ልሂድ ብሎ ጥሩምባውን ሲነፋ ውሃ ስር ሰማው፣ ጥሎን ይሄዳል ብሎ በአንድ ትንፋሽ ላይ ወጣ። ጀልባዋ ላይ እየሳቀ ነበር። ማታ ትከሻዬን አመመኝ አለ፣ እግሬን ደነዘዘኝ አለ፣ "ድካም ነው፣ ልተኛ" አለና ተኛ። ጠዋት ልነሳ ሲል እግሮቹ አልታዘዙትም። ተሸክመን ስናወጣው ዕድሜው 24 ነበር።

ባለጀልባው ጥሎን አይሄድም ነበር እኮ ሚጣዬ።

ላንቺም ጥሩምባ ይነፋልሻል፣ ግዙፍ መርከብ ነው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይሄዳል። ስለዚ ከሰዓት በኋላ የሚጀምር የመጥለቅ ጉዞ አትያዢ፣ መርከቡ እንደቆመ የሚወጣውን የጠዋቱን ያዢ። ደሞ ልብ በይ፣ ኬይማንም ኮዙሜልም በበጋ ሰዓት አይቀይሩም፣ ስለዚ በሐምሌ ከማያሚ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፣ መርከቡ በማያሚ ሰዓት ከቀጠለ ስልክሽ ራሱ ወደዛው አገር ሰዓት ተቀይሮ ያሳስትሻል። ስትወርጂ የመርከቡን ሰዓት ጠይቂና የእጅ ሰዓትሽን በሱ አስተካክዪው። ሰው የሚቸኩለው ሰዓቱ ሲምታታበት ነው። የመጣው ቢመጣ ግን፣ መርከቡ ጥሎሽ ቢሄድም፣ ስትወጪ አትቸኩዪ፣ ገንዘብ እልክልሻለሁ፣ በአውሮፕላን ትመለሻለሽ።

ኬይማን ላይ ኪቲዌክ የምትባለውን የሰመጠች መርከብ ልታዪ መሆኑን አቡሽ ነገረኝ። የአሜሪካ ባህር ኃይል መርከብ ነበረች፣ ሥራዋ የሰመጡ ሰርጓጅ መርከቦችን ሰው ማዳን ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሆን ብለው ለጠላቂዎች ብለው አሰመጧት፣ በ2017 ደሞ ማዕበል በጎኗ አጋደማት። የግፊት ክፍል ነበራት፣ ቸኩሎ የወጣ ጠላቂ አስገብተው ግፊቱን መልሰው ከፍ ያደርጉና ቀስ እያሉ የሚቀንሱለት። ስታዪው ጋሼን አስቢልኝ፣ ያኔ በሰዓቱ እንዲያ ያለ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ዛሬ ከዘራ ባልያዘ። ወደ ውስጥ ግን ያለ አስጎብኚ አትግቢ።

ምጽዋን ሳላሳይሽ መቅረቴ ያንገበግበኛል። በየካቲት 1982 ምጽዋ ከተያዘች ወዲህ እኔም ባህር አላየሁም፣ አንቺም ውሃ የተማርሽው ሰው አገር ነው። ጠዋት ጠዋት ውሃው ሲጠራ የመልህቁ ሰንሰለት እስከ ታች ድረስ ይታይ ነበር፣ አንድ ቀን ልጄን አሳያታለሁ እል ነበር። በሰው ባህርም ቢሆን መግባትሽ ያኮራኛል፣ ይሄን ደፍሬ ነግሬሽ አላውቅም።

ጉንፋን ከያዘሽ ጭራሽ አትግቢ፣ ጆሮሽን ይጎዳሻል። ከወጣሽ በኋላ መገጣጠሚያሽን ካመመሽ ወይ ከደነዘዘሽ "ድካም ነው" ብለሽ እንዳትተኚ፣ ወዲያው ተናገሪ፣ ኦክስጅን ስጡኝ በያቸው፣ ኮዙሜል የግፊት ክፍል አላቸው።

የመጨረሻው ወደብሽ ናሶ፣ ባሃማስ ነው፣ በነጋታው ጠዋት ማያሚ ወርደሽ በናንተ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10 ሰዓት ላይ ትበሪያለሽ ብሎኛል አቡሽ። ብዙ ቀን የጠለቀ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቀ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላው አይበርም፣ አውሮፕላን መውጣትም ያው መውጣት ነው። ናሶ ላይ ያስያዝሽው የከሰዓቱን ከሆነ በናንተው አቆጣጠር እስከ ማታ 5 ሰዓት ያቆይሻል፣ ከዛ እስከ በረራሽ 17 ሰዓት ብቻ ነው፣ አይሞላም። ወይ እሱን ሰርዢና ከተማውን እዪ፣ ወይ ትኬቱን ወደ ማታ አዙሪው፣ ቅጣት ካለው እኔ እከፍላለሁ። ዛሬ አድርጊው፣ ለነገ አትበይ። ስትጨርሺ በቴሌግራም ጻፊልኝ፣ እዚህ ሌሊት ቢሆንም ነቅቼ ነው የምጠብቅሽ።

አባትሽ